ልጄን የት ላስገባው? ስለ ሴፋራዲና አሽከናዚ የቶራ ትምህርት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው እስራኤል፣ ነታንያ ነው። ልጄ 14 ዓመት ሊሞላው ነው፤ የሺቫ (የቶራ ትምህርት ቤት) መግባት ይፈልጋል። ሁለት ቦታ አይተናል። አንዱ የአሽከናዚዎች ነው፤ በሊታ ዘዴ ነው የምናስተምረው አሉን። ሌላው የሴፋራዲዎች ነው። ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፤ አሽከናዚዎች ታልሙድን አብላልተውና ተከራክረው ይማራሉ፣ ሴፋራዲዎች ግን ሕጉን በቃል ይይዛሉ እንጂ አይጠልቁም። እውነት ነው? እኛ ቤተ እስራኤሎችስ ከየትኛው ነን?»

ምላሽ፦ «ሴፋራዲ አይጠልቅም» የሚለው ውሸት ነው። ወሬው ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ሰው ዛሬ በየየሺቫው የሚያየውን ይዞ ሺህ ዓመት ወደኋላ ይለጥፈዋል። የሊታ (የሊቱዌኒያ) ዘዴ የሚሉት ነገር መቶ ሃምሳ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ስለዚህ መጀመሪያ ታሪኩን ላስተካክል። የልጅዎን ጉዳይ ቀጥዬ እመጣበታለሁ።

መነሻው አንድ ነው። ሁለቱም፣ ከስፔን ወገን የሆኑት ሴፋራዲዎችም ከጀርመንና ከሰሜን ፈረንሳይ ወገን የሆኑት አሽከናዚዎችም፣ የሚማሩት ያንኑ ቶራ፣ ያንኑ ሚሽና (የቃል ሕጉ ስብስብ)፣ ያንኑ የባቢሎን ታልሙድ (በሚሽናው ላይ የተደረገው ክርክር) ነው። ታልሙዱ የተጠናቀረው ዛሬ ኢራቅ በምንለው አገር ነው። ሱራና ፑምበዲታ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ጉባኤ ቤቶች ነበሩ። ከስፔንም ከየመንም ከሰሜን አፍሪካም ጥያቄ ያለው ማኅበረሰብ ደብዳቤ ጽፎ ወደዚያ ይልካል፤ መልሱን ይጠብቃል። የፑምበዲታው መሪ ራቭ ሃይ በ1038 ሲሞት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ያ ማዕከል ተዳከመ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አገር ራሱን መቻል ነበረበት። መንገዱ የተለያየው እዚህ ላይ ነው።

ስፔን፣ በዕብራይስጥ ሴፋራድ፣ ያኔ በአብዛኛው በሙስሊም መንግሥታት ሥር ነበረች። የአይሁድ ምሁር አረብኛ ይናገራል፣ በአረብኛ ይጽፋል። ሕክምና ያውቃል፣ ግጥም ይገጥማል፣ ፍልስፍና ያነባል። የዕብራይስጥን ሰዋስው የሚያጠናው ከአረብኛ ጋር እያስተያየ ነው። ማኅበረሰቡ ደግሞ የራሱ ፍርድ ቤት አለው። ባልና ሚስት፣ አበዳሪና ተበዳሪ ቆመው ሲጠብቁት ዳኛው የሚፈልገው «ታዲያ ፍርዱ ምንድን ነው?» ለሚለው መልስ ነው። ታልሙድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመልስም። አንድ ጥያቄ ይነሳና ክርክሩ ሌላ ክርክር ይወልዳል፤ መሀል ላይ ተረት ይገባል፤ አንዳንዴም ሳይቋጭ ይቀራል።

ሪፍ የሚባሉት ይስሐቅ አልፋሲ ለዚህ መፍትሔ አበጁ። ዕድሜያቸውን በአብዛኛው የኖሩት በሞሮኮዋ ፌዝ ነው። በ1088 ገደማ፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ከዚያ ሸሽተው ስፔን ገቡና ሉሴና ከተማ ላይ አስተማሩ። ሥራቸው ታልሙድን ማሳጠር ነበር። ለፍርድ የሚያስፈልገውን አስቀሩ፣ የቀረውን ተዉት። ራምባም ከዚህም አልፈው ሄዱ። በ1138 ኮርዶባ ተወልደው ግብፅ ውስጥ በሐኪምነት የኖሩት ማይሞኒደስ ማለቴ ነው። ሚሽኔ ቶራ በሚባለው ሥራቸው ሕጉን ሁሉ ከታልሙድ ቅደም ተከተል አውጥተው በ14 መጻሕፍት በየርዕሱ ደለደሉት። ክርክር የለም፣ «እገሌ እንዲህ አለ» የለም። መግቢያው ላይ ሰው መጀመሪያ ቶራን፣ ቀጥሎ ይህን ቢያነብ የቃል ሕጉን ሁሉ ያውቃል፤ በመካከል ሌላ መጽሐፍ አያስፈልገውም ብለው ጻፉ። ድፍረት ነው። ወዲያው ተቃውሞ ገጠማቸው። ፕሮቫንስ ውስጥ የነበሩት ራባድ «ምንጩን ሳትነግረን እንዴት እንመንህ?» ዓይነት ትችት በየአንቀጹ አሰፈሩባቸው። ያ ትችት ዛሬ ከመጽሐፉ ጎን ታትሞ ይገኛል።

የአሽከናዚዎቹ አገር፣ አሽከናዝ፣ ሌላ ዓለም ነበር። በራይን ወንዝ ዳር ያሉት ማይንዝ፣ ቮርምስና ሽፓየር፣ ከዚያም ሰሜን ፈረንሳይ። ማኅበረሰቦቹ ትንንሽ ናቸው፤ ዙሪያው የላቲን ክርስትና ነው። የአረብኛው ፍልስፍናና ሳይንስ እነሱ ጋ አልደረሰም። የደረሰው ታልሙዱ ነው፤ ኃይላቸውን ሁሉ እሱ ላይ አፈሰሱት። ራሺ (1040–1105) የትሯ ከተማ ሰው ነበሩ፤ ማይንዝና ቮርምስ ሄደው ተምረዋል። ታልሙዱን ከሞላ ጎደል ቃል በቃል አብራሩት። ተማሪው ሊደናቀፍ የሚችልበትን ቦታ አስቀድመው የሚያዩ ዓይነት ሰው ነበሩ። ልክ እዚያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡና ያልፋሉ።

የልጅ ልጆቻቸውና ተከታዮቻቸው ቶሳፎት የሚባለውን አመጡ። ዋናው ራቤኑ ታም ናቸው። የእነሱ ጥያቄ «እዚህ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ተቃራኒውን ይላል፤ እንዴት ይታረቃል?» የሚል ነው። የአብነት ትምህርት ቤትን አንድምታ የሚያውቅ ሰው ይመስላል ሊል ይችላል፤ ልዩነት ግን አለ። አንድምታ «አንድም» እያለ ትርጓሜዎቹን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። ቶሳፎት ጎን ለጎን ማቆም አይበቃውም። «እንዲህ ብትል?» ብሎ ይጠይቅና «እንዲህ ማለት ይቻላል» ብሎ ይፈታዋል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ማንም ያላየውን ልዩነት ማውጣት ነው፦ እዚያ የተባለው በዚህ ሁኔታ ነው፣ እዚህ የተባለው በዚያ ሁኔታ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው በሰላም ጊዜ አልነበረም። በ1096 የመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት ሠራዊት የራይን ከተሞችን ፈጀ። በ1242 ፓሪስ ላይ የታልሙድ መጻሕፍት በጋሪ ተጭነው ተቃጠሉ። በእጅ የሚጻፍ መጽሐፍ ሲቃጠል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አሽከናዚዎች የአባቶችን ልማድ እንደ ሕግ አጥብቀው መያዛቸው ከዚህ ሁሉ መከራ በፊትም ነበር፤ መከራው ግን አጸናው።

እስካሁን ያልኩት ለወሬው የሚመች ይመስላል፦ ሴፋራዲ ሕግ ይደረድራል፣ አሽከናዚ ይከራከራል። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ሰዎቹ ልክ ነበሩ። ግን አላበቃም።

በስፔኗ ጂሮና የነበሩት ራምባን (ከራምባም ጋር እንዳይምታታብዎት፤ እኚህ ናክማኒደስ ናቸው፣ 1194–1270) የፈረንሳዮቹን ዘዴ ወሰዱ። ቶሳፎትን ከስፔን ልማድ ጋር አዋሕደው የታልሙድ ሐተታ ጻፉ። ተማሪያቸው ራሽባ ባርሴሎና ላይ ቀጠሉበት። እነዚህ የሴፋራድ ሊቃውንት ናቸው፤ ዛሬ በሊታ የሺቫዎች ያለ እነሱ ሐተታ ትምህርት አይካሄድም። በተቃራኒው በ1303 ሮሽ የሚባሉት የጀርመኑ ረቢ አሼር ቤን ይሒኤል ከነቤተሰባቸው አገራቸውን ጥለው ወጡ። ቶሌዶ ገብተው የከተማዋ ረቢ ሆኑ። ጀርመናዊው ሊቅ የስፔን ዳኛ ሆኑ ማለት ነው። ልጃቸው ያዕቆብ እዚያው ቶሌዶ «አርባዓ ቱሪም» የተባለውን የሕግ መጽሐፍ ጻፉ። ኋላ የመጣው የሕግ መጽሐፍ አብዛኛው የተከተለው የእሱን አደላደል ነው።

በ15ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ካስቲል ውስጥ ይስሐቅ ካንፓንቶን የተባሉ መምህር ነበሩ። ታልሙድን እንዴት መመርመር እንደሚገባ መመሪያ ጽፈዋል። እሳቸው እንዳስተማሩት የተፈተነ ጸሐፊ ቃል አያባክንም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል ለምን እንደገባ፣ ባይገባ ምን ስህተት ላይ እንወድቅ እንደነበር ይጠየቃል። በ1492 ስፔን አይሁዶችን ስታባርር ይህ ዘዴ ከስደተኞቹ ጋር ሳሎኒካ፣ ኢስታንቡል፣ ፌዝና ጽፋት (ዛሬ እስራኤል ውስጥ ያለች ከተማ) ደረሰ። «ሴፋራዲ አይጠልቅም» የሚልዎት ሰው ይህን አንድ ምዕራፍ አላነበበም።

የታልሙድ መጽሐፍ ሲያገኙ አንዱን ገጽ ገልጠው ይዩት። መሀል ላይ ታልሙዱ አለ። በስተውስጥ፣ ወደ ጥራዙ በኩል፣ ራሺ። በስተውጭ ቶሳፎት። ሁለቱም ፈረንሳዮች ናቸው፤ እና ይህን ገጽ የባግዳዱም የሞሮኮውም ልጅ ነው የሚማርበት። ሐተታዎቹ የታተሙበት ፊደል «የራሺ ጽሕፈት» ይባላል። ራሺ ግን በዚያ ፊደል ጽፈው አያውቁም፤ የሴፋራዲዎች የእጅ ጽሕፈት ነው፣ አታሚዎች ናቸው ያስገቡት። የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሪፍና ሮሽ ተያይዘው ታትመዋል። ታልሙዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ያሳተመው ዳንኤል ቦምበርግ የአንትወርፕ ሰው፣ ክርስቲያን ነበር። ቬኒስ ላይ፣ ከ1520 ጀምሮ።

አሁን ወደ ማዕድ ቤት እንግባ፤ ልዩነቱ የሚጨበጠው እዚያ ነው። በፋሲካ ሽሮ ይበላል?

ታልሙድ ላይ ራቭ ሁና በፋሲካ ገበታ ከሚቀርቡት ሁለት ወጦች አንዱ ሩዝ ሊሆን ይችላል ይላል። ራምባም ይቀጥላሉ፦ ቦክቶ የሚከለከለው ከአምስቱ እህሎች (ስንዴ፣ ገብስና የመሳሰሉት) የተሠራው ብቻ ነው፤ የሩዝ ዱቄት በፈላ ውኃ ተቦክቶ፣ ተሸፍኖ ኩፍ ቢል እንኳ ይበላል። በአሽከናዝ ግን ሩዝና ጥራጥሬ፣ ባቄላውም ሽምብራውም፣ በፋሲካ መከልከል ጀመረ። ምክንያታቸው ስንዴ ይቀላቀልበታል የሚል ነበር። የሮሽ ልጅ ያዕቆብ፣ ማለትም የጀርመናዊው ልጅ፣ ቶሌዶ ላይ ተቀምጠው ስለዚህ ክልከላ ሲጽፉ «ከመጠን ያለፈ ጥብቅነት ነው፣ ልማድም አይደለም» አሉ። የአሽከናዝ ደም ያላቸው ሰው!

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ዮሴፍ ካሮ መጡ። በ1488 የተወለዱ፣ ከስፔን የተባረሩ፣ መጨረሻ ላይ ጽፋት የተቀመጡ ናቸው። የያዕቆብን መጽሐፍ እየተከተሉ ምንጩን ሁሉ ከታልሙድ ጀምሮ አንድ በአንድ የሚያሳይ ግዙፍ ሐተታ ጻፉ፤ ቤት ዮሴፍ ይባላል። ፍርድ ሲሰጡ ሦስት ዳኞችን አስቀመጡ፦ ሪፍ፣ ራምባምና ሮሽ፤ ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል። ከሦስቱ አንዱ ጀርመናዊ መሆኑን ልብ ይበሉ። ስለ ጥራጥሬው «ከአሽከናዚዎች በቀር ለዚህ የሚጨነቅ የለም» ብለው አለፉት። በኋላ ውጤቱን ብቻ አሳጥረው ሹልሐን አሩኽን አወጡ፤ በ1565 ቬኒስ ላይ ታተመ። ክራኮቭ ያሉት ረቢ ሞሼ ኢሴርሊስ፣ ሬማ የሚባሉት፣ መጽሐፉን አዩና ቅር አላቸው። የእኛ አገር ልማድ የለበትም አሉ። ስለዚህ በካሮ ቃል መሀል የራሳቸውን አስገቡ። ክፍል 453 ላይ ካሮ ከሩዝና ከጥራጥሬ ወጥ መሥራት ይፈቀዳል ይላሉ። ወዲያው ከሥሩ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ሬማ አንዳንዶች ይከለክላሉ፤ በአሽከናዝ ልማዱ መጠንቀቅ ነው፤ አይለወጥም ይላሉ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ልማድ። ዛሬ ሱፐርማርኬት ገብተው ለፋሲካ የታሸገ ነገር ላይ «ጥራጥሬ ለሚበሉ ብቻ» የሚል ማኅተም ሲያዩ የዚህ ገጽ ቅጥያ ነው።

ልዩነቱ እንግዲህ ይህን ያህል ነው። ሴፋራዲው ከታልሙድ ተነስቶ ካሮ ፍርድ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አሽከናዚው ሬማንና የአባቶቹን ልማድ ይጨምራል። ይህ የፍርድ ልዩነት ነው፤ የአእምሮ ጥልቀት ልዩነት አይደለም።

ታዲያ የሊታ ዘዴስ? በ1803 በሊታ ምድር ቮሎዢን በምትባል ከተማ አዲስ ዓይነት የሺቫ ተከፈተ። ከየአገሩ ተማሪ የሚሰበሰብበት፣ ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጥገኝነት የተላቀቀ ተቋም ነበር። የከፈቱት የቪልናው ጋኦን የሚባሉት የሊታ ታላቅ ሊቅ ተማሪ ናቸው። እዚያ ካስተማሩት አንዱ ረቢ ሐይም ሶሎቬይቺክ (1853–1918) ነበሩ። የእሳቸው መንገድ ከፍርዱ ይልቅ ፅንሰ ሐሳቡን መፍታት ነው። ምሳሌው ከታልሙዱ ነው። «ይህን ዳቦ አልበላም» ብሎ የማለ ሰው አለ። «ይህ ዳቦ በእኔ ላይ እርም ይሁን» ብሎ የተሳለም አለ። ሁለቱም ዳቦውን አይበሉም። ግን የመጀመሪያው የታሰረው ራሱ ሰውየው ነው፣ በሁለተኛው የታሰረው ዳቦው ነው። ረቢ ሐይምና ተማሪዎቻቸው ይህን ዓይነት ጥያቄ ወደ ሕጉ ሁሉ ወሰዱት። ውብ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ይሰክርበታል። ደግሞም የሚያስቀው፣ ረቢ ሐይም አብዝተው የተመራመሩበት መጽሐፍ የራምባም ሚሽኔ ቶራ ነው፤ የኮርዶባው ሰው ሥራ።

ይህ ዘዴ እስራኤል ውስጥ ክብር አገኘ። ብዙ የሴፋራዲ ልጆች ወደ ሊታ የሺቫዎች ገቡ፣ የሴፋራዲ የሺቫዎችም ዘዴውን ወሰዱ። በባግዳድ የተወለዱት ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ (1920–2013) የተነሱት በዚህ ላይ ነው። ኢየሩሳሌም በሚገኘው ፖራት ዮሴፍ የሺቫ የተማሩ ናቸው። ትምህርት ከታልሙድ ተነስቶ ወደ ፍርድ መድረስ አለበት፣ እስራኤል ምድር ደግሞ የካሮ አገር ናት አሉ። የራሳቸውን የባግዳድ ታላቅ ሊቅ ቤን ኢሽ ሐይን እንኳ ከካሮ ጋር ካልተስማሙ አይቀበሏቸውም ነበር። «ሴፋራዲ» አንድ ወጥ እንዳይመስልዎት ይህን ነገርኩዎት። የባግዳድ አይሁዶች አብዛኞቹ ስፔንን አይተው አያውቁም። የመኖች ደግሞ ራሳቸውን ችለው የቆሙ ናቸው፤ ብዙዎቹ ራምባምን ይከተላሉ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ፦ ቤተ እስራኤል ከየትኛው ነው? ከሁለቱም አይደለም። የእኛ ቄሶች ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፤ የታልሙዱ ክርክር ኢትዮጵያ አልደረሰም። ሰዎች ወደ ሴፋራዲ የሚያስጠጉን በሁለት ምክንያት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ካይሮ የነበሩት ራድባዝ፣ እሳቸውም የስፔን ስደተኛ፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ጽፈዋል። በ1973 የሴፋራዲ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ ይህን ይዘው አይሁዶች ናችሁ ብለው ፈረዱ። ከአሽከናዚ ሊቃውንት ኒው ዮርክ የነበሩት ሞሼ ፋይንስታይን ጥርጣሬ ነበራቸው። ይህን አይተው ግን «ሴፋራዲ ወዳጅ፣ አሽከናዚ ጠላት» ብለው አይደምድሙ። በ1985 ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ላይ ሳምንታት ሙሉ ሜዳ ላይ የተቀመጡት የዋና ረቢነቱ መሥሪያ ቤት ወደ አይሁድነት የሚገባ ሰው የሚፈጽመውን ዓይነት ውኃ ውስጥ የመጥለቅ ሥርዓት ስለጠየቀ ነው። ያኔ በወንበሩ ላይ ሁለቱም ዋና ረቢዎች ነበሩ፤ ሴፋራዲውም አሽከናዚውም።

አሁን ስለ ልጁ። ከሴፋራዲና ከአሽከናዚ በፊት ሌላ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው የመንግሥት ፈተና) አለ ወይስ የለም? «የሺቫ ቲኾኒት» ከሆነ ከታልሙዱ ጋር የመንግሥት ፈተናውን ያስፈትናል። «የሺቫ ክታና» ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈትንም። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው የሚከፈትለትና የሚዘጋበት በር በዚህ ይወሰናል። ማንም በግልጽ ሳይነግርዎት እንዳይፈርሙ።

ሌላው፣ አንዳንድ ተቋማት ውስጥ አሽከናዚ የሚለው ስም ከትምህርት ይልቅ የመለያየት ነገር ነው። የኢማኑኤል ከተማ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደው ሴፋራዲዎቹን ከአሽከናዚዎቹ ስለለዩ ነው። ስለዚህ ሲጎበኙ የምግብ አዳራሹን ይዩ። ስንት የእኛ ልጆች አሉ? ከማን ጋር ተቀምጠዋል? ከመምህራኑስ?

ሁለቱም ባግሩት ካላቸውና ሁለቱም ልጁን በክብር ከተቀበሉ፣ ምክሬ ሴፋራዲው ነው። ምክንያቱ የዘር አይደለም። በጻፉልኝ ውስጥ ልጁ ታልሙድ ተምሮ ያውቅ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ አብዛኛው የዕድሜ እኩያው ገና ነው ብዬ ነው የምነሳው። ጀማሪ ልጅ በአንድ ሴሚስተር ጥቂት ገጽ ብቻ እየተመረመረ በሚማርበት ክፍል ሲገባ የሐሳቡን ውበት ያያል፤ ሕጉ የት እንደደረሰ ግን ሳያውቅ ይወጣል። ከታልሙድ ተነስቶ ራሺን፣ ቶሳፎትን፣ ሮሽን፣ ቤት ዮሴፍን እያለ ሹልሐን አሩኽ ድረስ የሚወርደው መንገድ አጥንት ይሰጠዋል። በ18 ዓመቱ ወደ ሊታው ዘዴ ቢገባ ያኔ ይጠቀምበታል። ልጁ ግን ጌማራ (ታልሙዱን ማለቴ ነው) አስቀድሞ በደንብ የተማረና ራሱ ክርክሩን የሚወድ ከሆነ ምክሬን ይገልብጡት፤ አሽከናዚውን አይፍሩ።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ልጁ ከየሺቫ መጥቶ አያቱን «ይህ ልማድ ሹልሐን አሩኽ ላይ የለም» ብሎ እንዲያርም አይፍቀዱለት። ይህን ረቢዎቹም አይወዱትም፤ ከቄሱ ጋር ኦሪት መቀመጡንም አያቋርጥ። የቤታችሁን የፋሲካ ሥርዓት ደግሞ በእኔ ጽሑፍ አይቀይሩ፤ እኔ ታሪኩን ነው የነገርኩዎት፣ ፍርዱን የሚሰጥዎት ቤተሰባችሁን የሚያውቅ ረቢ ወይም ቄስ ነው። የአሽከናዚውን ከመረጡ በፋሲካ ሰሞን አዳሪ ቤቱ ውስጥ ሽሮ እንደማይሠራለት አሁኑኑ ይንገሩት።